የሠርጉ ካሴት

መካነ ሰላም ላይ አዝማሪ ያልተጠራበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም። «ምን አጥተው ነው?» ተብሎ ዓመት ሙሉ ይታማል። አዝማሪው መጥቶ፣ ዘፍኖ፣ አስጨፍሮ፣ የሙሽራውን ዘር ማንዘር አወድሶ ሲያበቃ ግን የሚበላው ከዳሱ ጥግ፣ ለብቻው ነው። የዚያ አዝማሪ ልጅ አድጎ የዚያን ቤት ሴት ልጅ ወደድኩ ቢል ደግሞ ሰዉ ሁሉ ዘመኑ ከፋ እያለ ያማትባል። ይህን የሚሉት ፊደል ያልቆጠሩት ብቻ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር! ዲግሪያቸውን በመስታወት አሠርተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፣ ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው ቤታቸው ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ «የማን ልጅ ነው?» የሚሉት።

የትምወርቅ የተወለደችው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። አባቷ አቶ ካሳ ከአጅባር እስከ ወረኢሉ ገበያ ስማቸው የታወቀ እህል ነጋዴ ናቸው። እሷ ደሴ ተምራ ተመለሰችና በከተማው አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የወደደችው ሰው በእውቀቱ ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ የሚጠግንባት፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። አባቱ አዝማሪ ፈንታው ናቸው። ከተማው ይህን ያውቃል፤ በእውቀቱ ሦስት ቋንቋ አንብቦ እንደሚረዳ ግን ከተማው አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ኢንተርኔት ተቋርጦ ሰው ሁሉ ባለፈው ዓመት በሰማው ዘፈን ላይ በቀረበት ሰሞን ነው። የትምወርቅ ሚሞሪዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ደስ ያለህን ጫንልኝ፤ እኔ ሙዚቃ አላውቅም» አለችው።

«እንግዲያው አንድ ሙሉ አልበም እጭንልሻለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሚና የተሰማሽን ንገሪኝ።»

«ፈተና ነው?»

«ኧረ አይደለም። የሚያውቁ ሰዎች ሰልችተውኝ ነው። ስለ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው አይሰማም፤ የሚያውቀውን ነው መልሶ የሚሰማው።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ሆነ። በእውቀቱ ከአሮጌ ሃርድ ዲስኩ፣ የዓለም ሰው ታላቅ ብሎ የተስማማበትን እያወጣ አንድ በአንድ ይጭናል፤ የትምወርቅ ደግሞ የመጣላትን ትናገራለች።

«አሜሪካኑ ጡሩንባ ነፊ እንዴት ነበር?»

«ሚስቱን አኩርፎ ከቤት የወጣ ሰው ነው። በሩን ግን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ይሻላት ነበር።»

«የጀርመኑስ? ያ ረጅሙ?»

«የውርስ ክርክር ነው። ሁሉም ባንዴ ይናገራል፣ ማንም አይሰማም፤ መጨረሻ ላይ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። መሬቱን ማን እንደወሰደው ግን አልገባኝም።»

በእውቀቱ ሲስቅ ግንባሩን እጁ ላይ ይደፋል። እሷም ይህን ሳቅ ለማየት ስትል ሳምንቱን ሙሉ በደንብ ትሰማለች። ስለ ህንዷ ዘፋኝ ስትጠየቅ «ድምጿ መርፌ ነው፤ የተቀደድኩበትን እያወቀች ነው የምትሰፋኝ» አለች። የእንግሊዝ ልጆች ጊታር ላይ የሚጮሁበትን ሰምታ «ላብራቶሪ ያለችው ማሽን ልትበላሽ ስትል እንዲህ ታደርጋለች። ሦስተኛው ላይ ግን አለቀስኩ። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ» አለች። ባለ ኮፍያውን አሜሪካዊ ገበሬ ደግሞ ወዲያው ነው ያወቀችው፦ «ይሄ የኛው አገር የከላላ ሰው ነው! ሚስቱም ሄዳለች፣ ፈረሱም ሞቷል፤ የሚያለቅሰው ግን ለፈረሱ ነው።» መንዙማውን ቤት ውስጥ ስትከፍተው እናቷ ከጓዳ አብራ ታንጎራጉር ጀመር፤ ወረኢሉ ከእስላም ጎረቤት ጋር ነው ያደገችው። በገናውን ተኝታ ልትሰማ ብላ ነውር መሰላትና ተነስታ ተቀመጠች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ቅዳሜ ላይ ስለ ሱዳናዊው ዘፋኝ እያወሩ ሳለ ቃል አለቀባቸው። መንገደኛ ያልፋል፣ የሚኒባሱ ረዳት «ደሴ! ደሴ!» ይላል፤ እነሱ ይተያያሉ። «የትሜ» አላት በእውቀቱ፤ «ሽማግሌ ልልክ ነው።» እሷም «ላክ» አለች። ይህችን አጭር ቃል ካለች በኋላ እስከ ቤቷ ድረስ እግሯ መሬት መንካቱን አልሰማችም።

*

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት እሑድ ሆነ። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ በነበረው ቅዳሜ በእውቀቱ ሚሞሪውን ሲመልስላት እንደ ወትሮው የአልበሙን ስም አልነገራትም።

«ይሄኛው ስም የለውም» አለ። «ከድሮ ካሴት የገለበጥኩት ነው። እንደ ሌሎቹ አድርገሽ ስሚልኝ፤ ሌላ አልልሽም።»

በዚያ ሳምንት ተስቦ ገብቶ ላብራቶሪው በሰው ተጨናንቆ ነበር። የትምወርቅ የደም መስታወት እያጠበች፣ አንዱን ጆሮዋን ለበሽተኛ ስም ትታ፣ በአንዱ ጆሮዋ ከፈተችው። ማሲንቆ ነው። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ሁካታ፤ የሆነ ሠርግ ላይ የተቀዳ። አንድ ወንድ ከሩቅ ይጮሃል፤ አዝማሪው ይቀበላል፦

አጥንት ወርውሩልኝ፣ ሥጋው ለጌቶቹ፣

የትምወርቅ በእርጥብ ጣቷ አጠፋችው። ከዚያ በላይ አልሰማችም።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ጎራ አለች። በእውቀቱ የቻርጀር ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ሲያያት ፊቱ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ተማሪ ሆነ። እሷ ይህን አየችና ካሴቱን በጣም የሚወደው መሆኑን ገመተች፤ ግን ዋሽታው አታውቅም።

«ይሄኛውን አልወደድኩትም፤ በውቄ።»

«ለምን?»

«ልመና ነው። አጥንት ወርውሩልኝ ይላል እኮ! እኔ የሚለምን ሰው ድምፅ አይሆነኝም፤ ደጃችን ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ነው የሚመስለኝ።»

ገመዱን የሚጠቀልለው እጅ ቆመ። «ምን ያህሉን ሰማሽ?»

«እዚያ ላይ አቆምኩ። አዝማሪ ሲለምን መስማት...» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ማን ፊት እንደቆመች ትዝ ያላት። ፊቷ ጋለ። «አባትህን ማለቴ አይደለም እኮ! ወላሂ አይደለም!»

«አውቃለሁ» አለ በእውቀቱ።

«ተቀየምከኝ?»

«ሌላ ደንበኛ ቆሟል፤ ላስተናግድ።»

የትምወርቅ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ደረቷ ውስጥ የገባውን ነገር ፍርሃት ነው ብላ ተሸከመችው፤ እፍረት መሆኑን ገና አላወቀችም።

*

ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ ብላ ነበር። አልቀሩም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሼህ እንድሪስና የቀድሞው መምህር አቶ ይሄነው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአቶ ካሳ ሳሎን ቆሙ። የትምወርቅ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆነች። እናቷ ወይዘሮ እታገኘሁ ከእሷ ጎን ሰሃን ያዘችና የደረቀውን ሰሃን እያደረቀች ቆመች።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አሉ አቶ ካሳ።

«የመጣንበትን ሳትሰማ አንቀመጥም ካሳ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «አላህ ያክብርልን፣ ደጅህን ስንረግጥ ክፉ ይዘን አይደለም። ልጅህን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው።»

«የምን ልጃችሁ?»

«በእውቀቱ።»

«በእውቀቱ የማን?»

«የፈንታው ልጅ ነዋ» አሉ አቶ ይሄነው።

«ፈንታው ብዙ ነው ጋሽ ይሄነው። የቱ ፈንታው?»

«ካሳ፣ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። ከአፋችሁ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። አዝማሪው ፈንታው በሉ። በሉት!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሼህ እንድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አዝማሪው ፈንታው» አሉ። አንባቢ ሆይ፣ አንድን ሰው የማይፈልገውን ቃል በራሱ አፍ እንዲል ማድረግ ለአንዳንድ ሰው ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ታዝበህ ታውቃለህ? አቶ ካሳ ጣፍጧቸው ፈገግ አሉ።

«ልጁ ሠርቶ አዳሪ ነው» ቀጠሉ አቶ ይሄነው። «አይጠጣም፣ አይሳደብም። አስተምሬዋለሁ፤ ከክፍሉ ቀዳሚ ነበር።»

«ይሁን፤ ይማር። እኔ ምን አደረግኩት?» አቶ ካሳ ሳቃቸው መጣ። «አባትየው ራሱ በሕዝብ ፊት አፉን ሞልቶ የፈረደውን እኔ ልሽር? በሠርጌ ዕለት ነው እኮ! አንቱም ነበሩ ሼህ እንድሪስ፤ ዘነጉት? እንዲህ አላለም እንዴ?» አሉና በጣታቸው የወንበሩን ክንድ እየመቱ አዜሙት፦

አጥንት ወርውሩልኝ፣ ሥጋው ለጌቶቹ፣
እኔና ልጄማ ከደጅ፣ ከውሾቹ።

«ከደጅ ነን አለ! እሱ ነው ያለው። ታዲያ ልጁን ዛሬ ማን እልፍኝ አስገባው?»

የትምወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ስንኙን አወቀችው። ስልኳን አወጣች። ካሴቱ አሁንም አለ፤ አልሰረዘችውም። ጆሮ ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮዋ ከተተችና ባለፈው ያቆመችበት ላይ ሳትቆም ሰማች።

ያ ከሩቅ የሚጮኸው ወንድ አሁን ሩቅ አልነበረም። «ተቀበል!» ይላል፤ የጎረምሳ፣ የሰከረ፣ ደስተኛ ድምፅ። በዚህ ዓለም ላይ ከማንም ድምፅ በፊት የሰማችው ያንን ድምፅ ነው። አባቷ ናቸው። ግጥሙን የሚሰጡት አባቷ ናቸው። የአዝማሪ ሥራ ነውና እንግዳ የሰጠውን ግጥም መልሶ መዝፈን ግዴታ ነው፤ ውዳሴም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፣ በራሱ ላይም ቢሆን። ፈንታው የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀበሉ። ሁለተኛውን አባቷ ጮሁላቸው። ሰዉ ሳቀ። «ተቀበል እንጂ!» አሉ።

ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ሄደ። ከዚያ ፈንታው ቃሉን አሉት፤ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ። ዜማው ግን የሠርግ ዜማ አልነበረም። ደረጃ የሚወርድ ሰው የመጨረሻዋን ደረጃ አጥቶ እግሩ ባዶ ላይ እንደሚያርፍ፣ ዜማው ባንዴ ወደ ታች ወረደ፤ የቀብር መልስ ላይ የሚሰማ ዓይነት ሆነ። «ልጄማ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቃሉን እንደ ሕፃን ታቅፎት ቆመ። ጭብጨባው ተዛባ። ከበሮ መቺው እጁ ጠፋው። ዳሱ ለአፍታ ጭር አለ፤ ከዚያ አንዲት ሴት በፍጥነት እልል አለችና ሸፈነችው።

ቃሉን እንቢ ማለት ያልቻለ ሰው በዜማው እንቢ ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ ልመና ነው ብላ በእርጥብ ጣቷ አጥፍታዋለች። በእውቀቱ ከዓለም ታላላቆች ጎን ያስቀመጠው ይህንን ነው፤ «አውቃለሁ» ያላትም ለዚህ ነው። የትምወርቅ እንባዋ የመጣው ለፈንታው አይደለም፣ ለበእውቀቱም አይደለም፤ ያንን «አውቃለሁ» ሲል ስለነበረው ፊት ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ጠራሽ?» አሉ አባቷ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። ሠርጉ ሳሎኑን ሞላው። የትምወርቅ የአባቷን ፊት ትመለከታለች፤ አሁን ይቀላል፣ አሁን ይጠቁራል፣ አሁን አንገታቸውን ይደፋሉ ብላ። እንዲህ ያለ ነገር እፍረት ባለበት ሰው ላይ ይሠራል።

አቶ ካሳ ፊታቸው በራ።

«የኔ ድምፅ ነው! እታገኘሁ! ነይ ስሚ፣ ነይ! አቤት፣ አቤት፣ ጎረምሳ ሳለሁ! ከየት አመጣሽው? ሼህ እንድሪስ፣ ይሰማሉ? እንዲህ ያለ ሠርግ ከዚያ ወዲህ ታይቷል?»

ሼህ እንድሪስ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘነበሉ። ካሴቱ ውስጥ ከሁሉም ረዝሞ የሚስቅ አንድ ሰው አለ፤ ሳል የሚቀላቀለው ሳቅ። ሽማግሌው ያንን ሳቅ አውቀውት ነበር። «ያ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አላህ ይቅር ይበለኝ። ያ የሚስቀው እኔ ነኝ።» ዱላቸውን ፈልገው ያዙና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ወይዘሮ እታገኘሁ ሰሃኑን እንደያዘች ወጥታ ነበር። «አጥፉት» አለች።

«ምን ሆንሽ? ሠርግሽ እኮ ነው!»

«ያን ዕለት አልቅሻለሁ ካሳ። ያኔ፣ ይሄ ሲዘፈን። ሙሽራ ማልቀሷ ደንብ ነው ብለው ማንም ለምን አላለኝም።» ድምጿ አልከረረም፤ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ነበር የተናገረችው። ባሏ ላፍታ አፍጥጠው አዩዋትና ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«አባባ» አለች የትምወርቅ፤ «ቃሉ የእርስዎ ነው። እሳቸው የተቀበሉት ነው።»

«ታዲያስ! አዝማሪ አይደል? የሰጡትን ይቀበላል።»

«ዜማውንስ ሰሙት?»

«የምን ዜማ?»

እዚህ ላይ ነው ተስፋዋ የተቆረጠው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ትጣላቸው ነበር፤ ትለምናቸው ነበር። እሳቸው ግን አልሰሙም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሰሙም፤ አሁንም ከፊታቸው ተከፍቶ አይሰሙም። ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቷ ድምፃቸው ተለውጦ። «ወደዚያ ሰፈር ከሄድሽ የትምወርቅ፣ ይህን በር እንዳትመለሺበት!»

እናቷ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከበሩ ፊት ዞር አለችላት። አልሳመቻትም፤ አልከለከለቻትም። ከኋላዋ አባቷ ካሴቱን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲከፍቱላቸው አቶ ይሄነውን ሲለምኑ ሰማች፤ ስልኩን ተመልሳ ከጠረጴዛው ላይ ነጥቃ ወጣች። ያንን ድምፅ ለእሳቸው መዝናኛ ትታላቸው መሄድ አልቻለችም።

*

በእውቀቱ እሑድ እሑድ አልጋ ከያዙት አባቱ ጋር እንደሚውል ታውቃለች። ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ ከቄራው ማዶ ነው። እዚህ ከተማ ተወልዳ አድጋ፣ የእያንዳንዱን ቀበሌ ደም መርምራ፣ በዚያ መንገድ አንድ ቀን አልሄደችም። ማንም አትሂጂ ብሏት አያውቅም፤ መከልከል እንኳን አላስፈለገም ነበር።

በእውቀቱ ደጃፉ ላይ ውሃ ሲደፋ አገኘችው። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«ሰማሁት» አለች ትንፋሿ ሳይመለስ። «እስከ መጨረሻው ሰማሁት።»

በእውቀቱ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«የአባቴ ድምፅ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለምን ፈተንከኝ በውቄ? ፈተና አይደለም ብለኸኝ ነበር እኮ!»

«አዎ ፈተንኩሽ!» አለ፤ የተናደደ ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። «ምን ላድርግ? ይሄ የአባቴ ነው ብዬ ብሰጥሽ ታዝኚልኝ ነበር። ማዘንሽን አልፈለግኩም። የከላላውን ገበሬ እንደሰማሽው፣ የጀርመኑን እንደሰማሽው እንድትሰሚው ነበር የፈለግኩት። አባትሽ ምን እንደሚሉ ገና ሽማግሌ ሳልልክ አውቀዋለሁ። አንቺ ግን...» ቃሉን አልጨረሰውም። ዓይኑን ወደ ጀሪካኑ መለሰ። «ልመና ነው አልሽኝ።»

«ልመና ነው አልኩህ» አለች የትምወርቅ። መከላከያ አልፈለገችም። «አሳልፈኝ። ለአንተ አይደለም የመጣሁት። ይቅርታ የምጠይቀው እሳቸውን ነው።»

ቤቱ ጨለምለም ያለ ነው። አዝማሪ ፈንታው አልጋው ጠርዝ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ከስተው አጥንታቸው ወጥቷል፤ ጣቶቻቸው ብቻ አሁንም ረጃጅም ናቸው።

«አባዬ፣ እንግዳ መጥቶብሃል» አለ በእውቀቱ።

«በሰላም ነው? ግቢ ልጄ።»

የትምወርቅ አጠገባቸው ቀረበች። ስልኩን አውጥታ ከፈተችው። በእውቀቱ እጁን ዘረጋ፤ ሊያስቆማት ነበር፤ ካሴቱን ካገኘው ጀምሮ ለአባቱ አሰምቶ አያውቅም። ዘገየ። ማሲንቆው ተሰማ፣ ከበሮው ተሰማ፣ «ተቀበል!» የሚለው ተሰማ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን አዘንብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ማሲንቆዬ ናት» አሉ። «ያኔ ደህና ነበረች። የቱ ሠርግ ነው ይሄ? የኩታበሩ ነው?»

«አይደለም አባቴ።»

«የወረኢሉው ይሆን? እዚያ አንድ ክፉ ሰው ነበረ። ወይስ የአጅባሩ?»

«የመካነ ሰላሙ ነው» አለች የትምወርቅ። «የአቶ ካሳ።»

«ካሳ? እህል የሚነግደው?» ፈንታው አሰቡ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ እሱስ ደግ ነበር። ልጄን ብቻ ነው ያነሳው። ሌላው እናቴን ከመቃብሯ ነበር የሚያስነሳብኝ።»

በእውቀቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህን ካሴት የአባቱ ሕይወት ክፉ ቀን ነው ብሎ ነበር የያዘው፤ በዚያ ቀን ስም ሲቆጣ፣ በዚያ ቀን ስም ሲማር፣ በዚያ ቀን ስም ሲወድ ኖሯል። አባቱ ቀኑን አያስታውሱትም። ከሌላው ቀን ምንም የሚለየው ነገር አልነበረም።

«አባዬ» አለ ዞር ሳይል። «ዜማውን ግን ቀየርከው።»

የሽማግሌው ጣቶች ጋቢው ላይ ቆሙ። «እሱን ሰማችሁት?»

መልስ ሳይጠብቁ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆኑ። «ቃሉን መመለስ አይቻልም፤ የሰጡህን ትላለህ። ዜማው ግን የእኔ ነው፤ እሱን ማንም አይሰጠኝም። ሁሉም ጋ እንዲያ ነበር የማደርገው። ከዚያ ቀና ብዬ ዳሱን አያለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ይሰማልኝ ይሆን እያልኩ። እነሱ ያጨበጭባሉ።» ወደ የትምወርቅ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የሰማሽው?»

አዎ ብትል ሽማግሌው ደስ ይላቸው ነበር። በእውቀቱ ከግድግዳው ዞሮ እያያት ነው።

«ዛሬ ሰማሁት» አለች። «መጀመሪያ ላይ አልሰማሁም። እዚያ ሳይደርስ አጥፍቼው ነበር።»

«ዛሬም ደህና ነው» አሉ ፈንታው። «ብትዘገዪም ደህና ነው። የማን ልጅ ነሽ የኔ ልጅ?»

«የአቶ ካሳ።»

ሽማግሌው የሆኑትን ማየት ከባድ ነበር። በሽታቸውን ረሱት። ጋቢውን ገፈው፣ በእነዚያ በቀጠኑ ክንዶች አልጋውን ተደግፈው ሊነሱ ታገሉ። «አንተ! ምን ትገተራለህ? ወንበሩን ጥረግላት! የጌታዬን ልጅ አቁመህ ታስወራኛለህ? ይቅር በይኝ የኔ እመቤት፣ ዓይኔ ደክሞ ነው፣ አላወቅኩሽም...»

«አይነሱ! አባቴ፣ ለእግዜር ብለው አይነሱ!»

ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና እዚያው መሬቱ ላይ ተንበረከከች። ሙሽራ የባሏን አባት ጉልበት ትስማለች፤ ያን ጊዜ ነው ልጃቸው የምትሆነው። ዳስ አልተጣለም፤ ሽማግሌዎቹ እምቢ ተብለው ተመልሰዋል፤ የአባቷ በር ተዘግቷል። የትምወርቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ከንፈሯን ወደ ሽማግሌው ጉልበት አስጠጋች።

ፈንታው ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ትኩስ ብረት እንደመጣበት ሰው ሁለቱን እግሮቻቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው በሁለት እጃቸው ያዙ። «ነውር ነው» አሉ። «ነውር ነው ልጄ። ካሳ ቢሰማ ምን ይለኛል? ተነሺ። ሰው ሳያይሽ ተነሺ።»

«አባዬ» አለ በእውቀቱ። መጥቶ ከየትምወርቅ ጎን ተንበርክኮ ነበር፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካ። «አባዬ፣ ዘርጋላት።»

«አልችልም» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። «እንዴት እንደሚዘረጋ አላውቅም እኮ ልጄ።»

በእውቀቱ እጁን በእነዚያ በተጨማደዱ ጣቶች ላይ አኖረ። ሊያላቅቃቸው አልሞከረም። ውጭ ሰው አለፈ፤ በሩ ክፍት ነበርና ቆም ብሎ አየና ሄደ። ሽማግሌው ያንን ባዩ ጊዜ ጉልበታቸውን ይበልጥ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

የትምወርቅ አልተነሳችም።